ስለ ሜዲቴሽን አስተማሪያችን የደረሱን አስተያየቶች፦ የትኛው ለእሳቸው ይነገር፣ የትኛው ለሌላ ሰው ይቅረብ?

ንጋት_ላይ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በሳምንት አንድ ቀን አብሮ ለሜዲቴሽን የሚቀመጥ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ደግሞ የአምስት ቀን የጥሞና ቆይታ የሚያደርግ አነስተኛ ማኅበር አለን። እኔ ከሦስቱ የበጎ ፈቃድ አስተባባሪዎች አንዷ ነኝ። አስተማሪያችን ሰባት ዓመት ሙሉ ያለ ደመወዝ፣ ተሳታፊዎች እንደየአቅማቸው በሚሰጡት ስጦታ ብቻ አስተምረውናል። እኔ ራሴ ከከባድ ሐዘን የወጣሁት በእሳቸው ትምህርት ተደግፌ ስለ ሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የምጽፈው ውለታቸውን ሳልረሳ መሆኑን አስቀድሜ ልናገር።

ባለፈው ቆይታ ማብቂያ ላይ ስም የማይጻፍበት የአስተያየት ወረቀት ለመጀመሪያ ጊዜ አደልን። 26 ወረቀት ተመለሰልን። አብዛኛው ምስጋና ነው። ጥቂቶቹ የማታው ንግግር እንደሚረዝም፣ ጀርባቸውን የሚያማቸው ሰዎችም ወንበር ለመጠየቅ እንደሚሳቀቁ የሚገልጹ ናቸው። ሁለቱ ግን እንቅልፍ ነሡኝ። በአንደኛው ላይ አንዲት ተሳታፊ፣ በግል ምክክር ሰዓት አስተማሪው ስለ ትዳሯ ከልምምዱ ጋር የማይገናኝ ጥያቄ ደጋግመው እንደ ጠየቋትና «ይህ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» እንዳሏት ጽፋለች። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሌላ ሰው፣ ሦስት ሌሊት በተከታታይ እንቅልፍ እንዳጣና ሰውነቱ የራሱ እንዳልሆነ ይሰማው እንደ ጀመረ ለአስተማሪው ሲነግራቸው፣ «የእድገት ምልክት ነው፤ እንዳታቋርጥ» የሚል መልስ እንዳገኘ ጽፏል።

ሦስታችን አልተስማማንም። አንደኛው ባልደረባዬ ግልጽነት ማለት ምንም ሳይደብቁ ሁሉንም ወረቀት እንዳለ ለአስተማሪው ማስረከብ ነው ይላል። ሁለተኛዋ ስም የሌለው ወረቀት ከሐሜት አይለይምና ይቀደድ ትላለች። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላም ነገር አለ፤ በአርምሞው ቀናት ተሳታፊዎች ጥያቄያቸውን በወረቀት እየጻፉ በአስተማሪው በር ላይ ስለሚተዉ፣ እሳቸው የብዙዎቻችንን የእጅ ጽሑፍ ያውቃሉ። ወረቀቱን ካስረከብን ስም ባይኖርበትም ጸሐፊዋ ልትታወቅ ትችላለች።

የተጻፈ የሥነ ምግባር ደንብ የለንም። አስፈልጎን ያውቃል ብለንም አናውቅም ነበር። የሚቀጥለው ቆይታ የሁለት ወር ዕድሜ ቀርቶታል። በእንዲህ ያለ ኃላፊነት ላይ የነበራችሁ ሰዎች ከምን እንድንጀምር ትመክሩናላችሁ?


ቀስ_በቀስ

በአንድ የሜዲቴሽን ማእከል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ውስጥ ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ወረቀቶቹን አሁኑኑ ለማንም እንዳታስረክቡ፣ እንዳትቀዱም እለምናችኋለሁ። ስለ ንግግሩ ርዝመትና ስለ ወንበሩ የተባለውን በራሳችሁ ቃል በኮምፒውተር ጽፋችሁና ጨምቃችሁ ለአስተማሪው ስጧቸው፤ ይህ ስለ ማስተማር የተሰጠ አስተያየት ስለ ሆነ ባለቤቱ እሳቸው ናቸው። ሁለቱ ወረቀቶች ግን የሚናገሩት ስለ ጠባይና ስለ ደኅንነት ነው። እንዲህ ያለው ቃል የሚመለከተው ሰው ዘንድ መድረሱ ባይቀርም፣ መጀመሪያ የሚደርሰው ግን እሱ ዘንድ መሆን የለበትም። ብዙ ማኅበራት የሚሰናከሉት ሁለቱን በአንድ ሣጥን ውስጥ አስገብተው ነው፤ ወይ የወንበሩን ጥያቄ እንደ ክስ ያከብዱታል፣ ወይ ክሱን እንደ ወንበር ጥያቄ ያቀሉታል።

ስም የለሽ ወረቀት ማስረጃ አይሆንም በሚለው ከባልደረባዎ ጋር እስማማለሁ። ስለዚህ በእሱ ብቻ ተነሥቶ ማንንም ማገድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ተከታትለው የሚያጣሩት ጥቆማ ይሆናል። እኛ እናደርግ የነበረው፣ በቆይታው ለተገኙት ሁሉ አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ነበር። መልእክቱ «ከደረሱን አስተያየቶች መካከል በጥንቃቄ መሰማት ያለባቸው አሉ፤ መናገር የሚፈልግ ሰው እስከዚህ ቀን ድረስ ከእነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱን ማግኘት ይችላል» ይላል፤ ስለ ምን እንደ ሆነ አይገልጽም፣ ማን እንደ ጻፈውም አይጠይቅም። ከሁለቱ ሰዎች አንዷ ሴት ብትሆን፣ አንዳቸው ደግሞ ከማኅበሩ ውጭ ቢሆኑ ይመረጣል። ተናጋሪዋ ስትመጣ ምስጢር እስከምን ድረስ እንደሚጠበቅላት ገና ከመጀመሪያው ንገሯት። «ለማንም አንናገርም» ብሎ ቃል ገብቶ ኋላ ማፍረስ፣ መጀመሪያውኑ ካለመስማት ይብሳል።

ደንቡን በተመለከተ ከባዶ መነሣት የለባችሁም። የአሜሪካው የኢንሳይት ሜዲቴሽን ሶሳይቲ አስተማሪዎች የሚመሩበት ደንብ አምስቱን የቡድሃ ሥርዓቶች መሠረት አድርጎ የተጻፈ ነው፤ አለመግደል፣ ያልተሰጠን አለመውሰድ፣ በሩካቤ አለመበደል፣ የሐሰት ቃል አለመናገር፣ አእምሮን ከሚያናውጥ መጠጥና ዕፅ መታቀብ። የሚጠቅመው ግን አምስቱን መዘርዘሩ ሳይሆን ወደ አስተማሪው ሥራ ማውረዱ ነው። ለምሳሌ በአስተማሪና በቀድሞ ተማሪ መካከል የፍቅር ግንኙነት እንዲጀመር፣ ከመጨረሻው ትምህርት በኋላ ቢያንስ ሦስት ወር ማለፍ እንዳለበት፣ ተማሪውም በሌላ አስተማሪ ሥር መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ደንብ ደግሞ ሕክምናው ካበቃ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲያልፍ ያስገድዳል። እኔ በግሌ የሦስት ወሩ ጊዜ አጭር ነው ባይ ነኝ፤ በአርምሞ ውስጥ ልቡን የከፈተ ሰው ለአስተማሪው የሚሰጠው እምነት ለሐኪም ከሚሰጠው አያንስም። ቢሆንም ቁጥር ያለው ደንብ «በጥንቃቄ ይሁን» ከሚል ደንብ ይሻላል፤ ጥንቃቄ እያንዳንዱ ሰው ለራሱ እንደሚመቸው የሚተረጉመው ቃል ነውና።

አንድ ነገር ልጨምር። አቤቱታውን የሚሰማው ሰው ለማስተማር ፈቃድ ያገኘው፣ ወይም ነገ ሊያገኝ ተስፋ የሚያደርገው ከዚያው አስተማሪ ከሆነ፣ ቅን ቢሆንም እንኳ ዳኛ ሊሆን አይገባውም። ያለማጋነን ልናገር፤ በኮሚቴያችን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሠራነው ትልቁ ስሕተት ይህ ነበር።


የድሮ_ተማሪ

የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ሆኜ ነው። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው ማእከል፣ በግል ምክክር ሰዓት ከአስተማሪዬ ዘንድ ያልጠበቅሁት ንግግርና አቀራረብ ገጠመኝና ለአስተባባሪዎቹ ነገርኳቸው። እነሱም በቅን ልቦና፣ በዚያው ዕለት ማታ፣ ያልኩትን ቃል በቃል ለአስተማሪው ነገሩት። በማግስቱ ጠዋት ጠራኝና በለሆሳስ ድምፅ «ይህ ቁጣ ከየት እንደሚነሣ ተመልክተሻል?» አለኝ። ጥያቄው በሌላ ጊዜ ቢሆን ጥሩ የልምምድ ጥያቄ ነው። በዚያ ሰዓት ግን በር ሲዘጋብኝ ነው የሰማሁት።

ንጋት_ላይ፣ እባክዎ ይህን ያስቡበት። በእኛ ዓይነቱ ልምምድ ውስጥ፣ ቅሬታ ያለው ሰው ጥፋቱን ወደ ራሱ እንዲያዞር የሚያደርግ ቋንቋ በብዛት አለ። ትችት የአእምሮ መሰናክል ነው፣ ጥርጣሬ መሰናክል ነው፣ «እኔ ተጎዳሁ» ማለት የእኔነት ሙጥኝ ማለት ነው ይባላል። ሁሉም በቦታው እውነትነት አለው። ተማሪው የራሱን አእምሮ እንዲመረምር የተሰጠውን መሣሪያ አስተማሪው ጋሻ ካደረገው ግን፣ ማንም ሰው ከዚያ በኋላ ደፍሮ አይናገርም። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ብሂል በሌላ ልብስ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2017 ሪግፓ የተባለው የቲቤት ቡድሂዝም ድርጅት መሥራች ለነበሩት ለሶግያል ሪንፖቼ ስምንት የረጅም ጊዜ ተማሪዎቻቸው በተማሪዎች ላይ በደል ፈጽመዋል ብለው የጻፉት ደብዳቤ በዓለም ላይ ሲሰራጭ፣ ብዙ ሰዎች «ለምን በውስጥ አልጨረሱትም?» ብለው ጠይቀው ነበር። በ2018 ድርጅቱ ራሱ ያሠራው የገለልተኛ የሕግ ቢሮ ምርመራ ውጤት ይፋ ሲሆን አብዛኛውን ክስ ከማረጋገጡም በላይ፣ በኃላፊነት ላይ ከነበሩት መካከል አንዳንዶቹ ከነገሩ ቢያንስ ከፊሉን ያውቁ እንደ ነበርና እርምጃ እንዳልወሰዱ ገለጸ። እኔን ያስለቀሰኝ ይህኛው ክፍል ነው። የውስጡ መንገድ ለስሙ ነበረ፤ ሰሚ ግን አልነበረውም።

ያኔ እኔ የፈለግሁት አስተማሪው እንዲቀጣ አልነበረም። ቃሌን የሰማ ሰው በስንት ቀን ውስጥ መልስ እንደሚሰጠኝ፣ ማን ምን እንደሚያውቅ፣ እስከዚያው ድረስ ከእሱ ጋር ብቻዬን መቀመጥ እንደሌለብኝ እንዲነግረኝ ነበር የፈለግሁት። ሦስቱንም ማንም አልነገረኝም። ለስድስት ዓመታት ለሜዲቴሽን አልተቀመጥሁም።


ጸጥታ_ወዳጅ

እኔ ሜዲቴሽን አስተምራለሁ፤ ስለዚህ ወረቀቱ ስለ እኔ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ነው ያነበብኩት። የድሮ_ተማሪ የጻፉትን ካነበብኩ በኋላ፣ እኔም «ቁጣው ከየት ይነሣል» የሚለውን ጥያቄ ያለ ቦታው የጠየቅሁባቸው ጊዜያት እንደሚኖሩ አሰብሁ። ስለ ነገሩን አመሰግናለሁ።

ቀስ_በቀስ ባሉት በአብዛኛው እስማማለሁ። በአንድ ነገር ግን እለያለሁ፤ ሁለቱን ከባድ ወረቀቶች በአንድ ፍጥነት መያዝ የለባችሁም። የእንቅልፉ ጉዳይ ማን እንደ ጻፈው እስኪታወቅ መጠበቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2017 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ጃሬድ ሊንዳልና ዊሎቢ ብሪተን ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ከሜዲቴሽን ጋር ተያይዘው የሚመጡ አስቸጋሪ ገጠመኞችን ከብዙ ተለማማጆችና አስተማሪዎች አሰባስበው 59 ዓይነት አድርገው መድበዋቸዋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ፍርሃት፣ ከሰውነት የመለየት ስሜት ከእነዚህ ውስጥ አሉበት። ከጥናቱ የምወስደው፣ አንድ ዓይነት ገጠመኝ ለአንዱ ሰው አልፎ ሂያጅ ሲሆን ሌላውን ሥራ እስኪያስፈታው ድረስ ሊያደርስ እንደሚችል ነው። ሦስት ሌሊት ያልተኛን ሰው «ቀጥል» ማለት፣ ክፋት ባይኖርበትም፣ በእኔ አስተያየት የሥነ ምግባር ጉድለት ነው። አስተማሪ የማያውቀውን ነገር አለማወቁን ማወቅ ከሥነ ምግባሩ ይቆጠራልና። ይህን ጉዳይ ለአስተማሪው የጸሐፊውን ማንነት በማይጠቁም አጠቃላይ ጥያቄ መልክ በዚህ ሳምንት ማንሣት ይቻላል። ተሳታፊ እንቅልፍ ሲያጣ ምን ያደርጋሉ? መቀመጡን ይቀንሱለታል? ወደ ሐኪም የሚልኩት መቼ ነው? የታዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሲመጣስ? መልሳቸው ብዙ ይነግራችኋል። ለጸሐፊውም፣ ለሁሉም በምትልኩት መልእክት ውስጥ፣ ችግሩ ያልለቀቀው ሰው ካለ ልምምዱን አቋርጦ ሐኪም እንዲያይ ጨምሩበት።

በትዳር ጥያቄው ላይ ግን ትዕግሥትን እመርጣለሁ። በግል ምክክር ሰዓት ስለ ሰው ሕይወት መጠየቅ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም፤ ተማሪው ራሱ ያመጣውን ነገር ተከትዬ የምጠይቅበት ጊዜ አለ። ከጥያቄው ይልቅ ያስደነገጠኝ «በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር» የሚለው ነው። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት አስተማሪው ነው። ተማሪውን በምስጢር የሚያስር አስተማሪ አቅጣጫውን ገልብጦታል። ያም ሆኖ አስተማሪው የተባሉትን የማወቅና ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት የመመለስ መብት አላቸው፤ ይህን መብት ካልጠበቃችሁ፣ ደንባችሁ ተማሪውንም ለረጅም ጊዜ አይጠብቅም።

አስተያየት መቀበል ለአስተማሪ ባዕድ ነገር ሊመስል አይገባም። ልምምዱን ያገኘነው ከቡድሃ ገዳማት ነው፤ በእነዚያ ገዳማት በዝናቡ ወራት የሚደረገው የሦስት ወር ቆይታ ሲያበቃ «ፓቫራና» የሚባል ሥርዓት አለ። በዚያ ዕለት እያንዳንዱ መነኩሴ በማኅበሩ ፊት ተንበርክኮ «ያያችሁብኝ፣ የሰማችሁብኝ፣ የጠረጠራችሁብኝ ነገር ካለ በርኅራኄ ንገሩኝ፤ ጥፋቴን ካየሁ አስተካክላለሁ» እያለ ሦስት ጊዜ ይለምናል። መጀመሪያ የሚለምነው በዕድሜ ምንኩስና ከሁሉም የሚበልጠው ነው። ልብ በሉ፤ «የጠረጠራችሁብኝ» ተብሏል። ማስረጃ ያለው ብቻ ይናገር አልተባለም። እኔ ቆይታ በጨረስን ቁጥር ይህንኑ በአማርኛ አንብቤ፣ እኔ በሌለሁበት የሚሰማ ሰው ስልክ እሰጣለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አልደወለም። በሦስተኛው ዓመት አንዲት እናት ደውላ፣ በትምህርት መሐል የምናገረው አንድ ምሳሌ ልጅ የሞተበትን ሰው እንደሚያደማ ነገረች። ምሳሌውን ትቼዋለሁ።


ሚዛን_ይጠበቅ

ሁላችሁም በጥሩ ልብ ጽፋችኋል፤ ነገር ግን ስለ አንድ አደጋ ማንም አላነሣም። ሰባት ዓመት ያለ ደመወዝ ያስተማሩ ሰው ናቸው። «በጥንቃቄ መሰማት ያለባቸው አስተያየቶች አሉ» የሚል መልእክት ለአርባ ሰው ከተላከ፣ በሁለተኛው ቀን ወሬው ስለ እሳቸው መሆኑን የማያውቅ አይኖርም። ያልተባለው ሁሉ ይታሰባል፣ የታሰበው ሁሉ ይወራል። ወረቀቱ ይቀደድ ከሚሉት ባልሆንም፣ የሰው ስም አንዴ ከጠፋ በምርመራ ነጻ መውጣት እንደማይመልሰው አስቡበት።


ቀስ_በቀስ

ሚዛን_ይጠበቅ ያነሡት ትክክለኛ ነጥብ ነው፤ እኛም ተፈትነንበታል። መልእክቱ ሰው እንዳያስጠረጥር ማድረጊያው መንገድ፣ ከዚህ ቆይታ ጋር ሳያያይዙ ቋሚ ማድረግ ነው። «ከዛሬ ጀምሮ ስለ ማናቸውም አስተማሪ፣ አስተባባሪ ወይም ተሳታፊ ጠባይ መናገር የሚፈልግ ሰው የሚያገኛቸው እነዚህ ናቸው» ብላችሁ አውጡት። አስተባባሪዎችንም ማካተቱን አትርሱ፤ እናንተም ሥልጣን አላችሁ። አስተማሪው ከመልእክቱ በፊት ስለ አሠራሩ ይነገራቸው፤ ስለ ወረቀቶቹ ይዘት ግን ገና አይነገራቸው። አሠራሩን በደስታ ከተቀበሉ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል፤ ከተቃወሙም ያው ተቃውሟቸው ሳይጻፍ እንዳይቀር።

የሳን ፍራንሲስኮ ዜን ማእከል ታሪክ ለእኛ ኮሚቴ ትምህርት ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 አበምኔቱ ሪቻርድ ቤከር ከተማሪ ጋር የነበራቸው ግንኙነትና የአኗኗራቸው ወጪ ማእከሉን ካናጋው በኋላ፣ ማኅበሩ ሰውየውን በመለወጥ ብቻ አልቆመም። አበምኔቶች ለተወሰነ ዘመን የሚያገለግሉበትንና ቅሬታ የሚሰማበትን ሥርዓት ቀስ በቀስ ሠራ። ቀስ በቀስ የሚለው ቃል ላይ አተኩራለሁ። በሁለት ወር ውስጥ የሚሠራው ሁለት ገጽ ደንብ ነው፤ ሌላው ይቆየን።


የድሮ_ተማሪ

ሚዛን_ይጠበቅ፣ ስጋትዎን አልንቀውም። እኔም ብሆን ያላጠፋ ሰው ስሙ እንዲጠፋ አልሻም። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ እዚህ ገጽ ላይ የአስተማሪው ሰባት ዓመት ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። ያቺ ወረቀቱን የጻፈች ሴት ስንት ዓመት እንደ ተቀመጠች ማንም አልጠየቀም። ምናልባት እሷም ሰባት ዓመት ይሆናታል።


ንጋት_ላይ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የድሮ_ተማሪ የመጨረሻ ቃል ለሁለት ቀን አልለቀቀኝም። እውነት ነው፤ እኔም በጥያቄዬ ውስጥ የእሳቸውን ውለታ አስቀድሜ፣ የሷን በሁለት መስመር ነው ያለፍኩት።

ትናንት ሦስታችን ተገናኘን። ወረቀቶቹ በታሸገ ፖስታ ተቀምጠዋል፤ ፖስታውን ሁለት ሰው አብሮ ካልሆነ አንከፍተውም። ስለ ንግግሩና ስለ ወንበሩ የተጨመቀውን አስተያየት ለአስተማሪው ሰጠናቸው፤ በደስታ ተቀብለው፣ ወንበሮቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከፊት እንዲደረደሩ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። የእንቅልፉንም ነገር ጸጥታ_ወዳጅ እንዳሉት በጥያቄ መልክ አነሣነው። ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ የራሳቸው አስተማሪ ሁልጊዜ «ቀጥል» ይሏቸው እንደ ነበርና ሌላ መልስ ተምረው እንደማያውቁ ነገሩን። ሥልጠና ለመውሰድ ፈቃደኛ ናቸው። እስከዚያው ድረስ በሚቀጥለው ቆይታ ላይ፣ ተሳታፊው ሁለት ሌሊት ካልተኛ መቀመጡን እንዲያቆምና ለአስተባባሪ እንዲነገር ተስማምተናል።

ቋሚ የሰሚዎች አሠራር እንደሚጀመር ስንነግራቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ያልታመንኩ መሰለኝ» አሉ። አልተከራከርናቸውም፤ አሠራሩ እኛንም እንደሚመለከት ገልጸን፣ ቃላቸውን በፊታቸው ጻፍነው። የግል ምክክሩ እስከሚወሰን ድረስ በር ባልተዘጋበት፣ ሰው በሚታይበት ክፍል እንዲሆን ጠየቅናቸው። ይህን ግን ተቀብለዋል።

መልእክቱ የፊታችን ሰኞ ይወጣል። ከሰሚዎቹ አንዷ፣ ከማኅበራችን ውጭ ያለች የምክር አገልግሎት ባለሙያ፣ እሺ ብላናለች። ሁለተኛው ሰሚ ገና አልተገኘም፤ ያሰብናቸው ሰዎች ሁሉ በአንድም በሌላም መንገድ የአስተማሪው ተማሪዎች ናቸው። ቀስ_በቀስ፣ እናንተ ከውጭ የሚመጣውን ሰው እንዴት እንዳገኛችሁትና የስንት ጊዜ ኃላፊነት እንደ ሰጣችሁት ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል። የሁለቱን ገጽ ደንብ ረቂቅ እንደ ጨረስን እዚሁ አቀርበዋለሁ።


ቀስ_በቀስ

ከሌላ ማእከል ጋር ተለዋወጥን። የእነሱን ቅሬታ የእኛ ሰው፣ የእኛን የእነሱ ሰው ሰማ። ኃላፊነቱ የሁለት ዓመት ነበር፣ የሚታደሰውም አንድ ጊዜ ብቻ። ረቂቁን ስታቀርቡ፣ ሰሚው በስንት ቀን ውስጥ መልስ መስጠት እንዳለበት መጻፉን አይዘንጉ፤ እኛ አሥር ቀን አድርገነው ነበር።